በቀበሮ መቅበሪያ የተገኘው ሬሳ

አጋፎን «ቀበሮ መቅበሪያ» በምትባለው ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዓይኑ ተከድኗል፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል። ከእሳተ ገሞራው ሥር ያለችው ይህች ጎድጓዳ ስፍራ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ነፋስ ሲጠፋ ከመሬቱ ስንጥቅ የሚወጣው ከባድ ጋዝ እንደ ውሃ ይተኛባታል፤ የወረደ ቀበሮ አይመለስም።

የመንደሩ ሰላም አስከባሪ ቫሳ ሬሳውን ከላይ ሆና በገመድና በመንጠቆ አስጎተተች። ልቧ ግን ተራራው ላይ ነበር። አጋፎን የተራራውን እንፋሎት ሙቀት ለሠላሳ ዓመት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ትናንት ጠዋት «ደሴቱን እንልቀቅ ወይስ እንቆይ፣ ነገ እነግራችኋለሁ» ብሎ ወጣ። ላይ ባለችው ጎጆው ማደር ልማዱ ስለሆነ ማንም ሊፈልገው አልወጣም። የኒኮን ጀልባ ዛሬ ከቀትር በኋላ ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የመለኪያ ደብተሩ ደግሞ ኪሱ ውስጥ የለም። ጋዙ ገድሎት ከሆነ እሺ፤ ሰው ገድሎት ደብተሩን ወስዶ ከሆነ ግን፣ የደሴቱ የአርባ አንድ ሰው ነፍስ ያለው እዚያ ደብተር ውስጥ ነው።

«ትናንት የት ነበርክ?» አለችው ባለጀልባውን ኒኮንን።

«ነፋሱ ጀልባዬን ሊሰብራት ሲል ገመድ ይዤ ስታገል ዋልኩ፣ አመሸሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ነው የተወኝ። ከዚያ ወዲህ ሣር እንኳ አልተነቃነቀም።»

«ከአጋፎን ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ከእሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? የገዛ ልጁ እንኳ ስትጨቃጨቀው ነው የምትውለው።»

የአጋፎን ልጅ ዞያ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «እትዬ ቫሳ፣ አባቴ ያንን ጉድጓድ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ነፋስ በሌለበት ቀን አጠገቡ አይደርስም» አለች።

ሬሳውን ያገኘው የቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ አንባቢ፣ ሽማግሌው ፊላሬት ነው። «ጎሕ ሲቀድ አየሁት። ወርጄ ዓይኑን ከደንኩለት፣ እጁን አጣመርኩለት። ክርስቲያን ሆኜ እንዲያው ትቼው ልሂድ?»

«ደግ አደረጉ፣ ጋሼ» አለችው ቫሳ። ከዚያ ፋኖስ ለኩሳ ተመልሳ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

ቀትር ላይ መንደሩ በሙሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ተራራው ሲያጉረመርም የመስኮቱ መስተዋት ይንቀጠቀጣል።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» አለች ቫሳ። «ፋኖስ ወደ ጉድጓዱ በገመድ ብሰድ ከቆመ ሰው ወገብ እኩል እንኳ ሳይወርድ በጋዙ ጠፋ። መሬት የተኛ ሰው ዓይን ለመክደን መንበርከክ ግድ ነው። ጋሼ ፊላሬት፣ እንዴት በሕይወት ተነሡ?»

«ትንፋሼን ይዤ።»

«ለዓይኑስ ይሁን። እጁ ግን ስንጎትተው እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ የሚታጠፍ እጅ አልነበረም። ያጣመሩት ትናንት ነው፣ ገላው ሳይደርቅ፣ ነፋሱ ጋዙን እየጠረገ ሳለ። ጋዝ በሌለበት ደግሞ ጋዝ አይገድልም። ቆቡን አውልቄ አየሁ፤ ማጅራቱ በድንጋይ ተመትቷል። ገድለውትም ዓይኑን ሳይከድኑ መሄድ አልሆነልዎትም።»

ፊላሬት ከደረቱ ኪስ ደብተሩን አወጣ። «ሙቀቱ በሳምንት እጥፍ ሆኗል ይላል። ልጅ ሆኜ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ለጥቂት ሳምንት ነው ብለው ከዚህ አስወጡን። እናቴንና ሁለት እህቶቼን በሰው አገር ቀበርኩ። ትናንት ጉድጓዱ ውስጥ አጋፎንን ዳግመኛ አታስወጣን ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።»

«ዕቃ ተዉ፣ ሰው ብቻ ይሳፈር» አለች ቫሳ።

«አባቴን ሳልቀብር?» አለች ዞያ። «ማን ይጸልይለታል?»

በደሴቱ ላይ ጸሎተ ፍትሐት ማንበብ የሚችለው ፊላሬት ብቻ ነው።

«ያንብብለት» አለች ዞያ። «ሲጨርስ ግን መጀመሪያ ጀልባዋ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።»

ፊላሬት «ልጄ፣ እዚሁ ተዉኝ። እዚሁ ልሙት» ብሎ ለመናት። ዞያ የፍትሐቱን መጽሐፍ ከፍታ እጁ ላይ አኖረችለት።