ብድግ ብለው የሚመጡ እንግዶች

«ትኬት ቆረጥን። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ስቶክሆልም ነን።»

ሊና መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ላኪዋ ኢዛዶራ ናት፤ ብራዚል፣ ጎያኒያ የምትኖር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። በኢንተርኔት የሥዕል ቡድን ውስጥ ተዋውቀው ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ኖረዋል። ሊና በጣም ትወዳታለች። ችግሩ፣ ዋሽታታለች።

«ቤታችን ሐይቅ ዳር ነው፤ የራሳችን ጀልባ አለን» ብላ የሰው ቪላ ፎቶ ልካላታለች። እውነቱ የስቶክሆልም ዳር ሰፈር በሆነው ሁስቢ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኪራይ ቤት ነው። ያኔ ስትዋሽ ቅንጣት አልፈራችም። ማን መጥቶ ሊያይ? እነሊና ቤት ዘመድ ከአዲስ አበባ ይምጣ ከተባለ የግብዣ ደብዳቤ አለ፣ የባንክ ወረቀት አለ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ አለ። አክስቷ ሔዋን ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለቴም ተከልክላለች። ሊና የዓለም ሰው ሁሉ እንዲሁ የሚጉላላ ነበር የመሰላት።

«ቪዛ መቼ አገኛችሁ?» ብላ ጻፈች።

«ለእናንተ አገር ቪዛ አንጠየቅም እኮ። ዘጠና ቀን በፓስፖርት ብቻ ነው። አባዬ መጀመሪያ አሜሪካ ብሎ ነበር፤ የቪዛው ቀጠሮ ሲርቅበት ‹ደጅ አልጠናም› ብሎ ወደ አውሮፓ ዞረ። ፍሪጅ ጥገናው ቀንቶት ዘንድሮ ሦስተኛ ሱቅ ከፍቷል። ከዘመዶቻችን መካከል ወደ ውጭ አገር ስንሄድ እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን። አያቴም ትመጣለች፤ ጀልባችሁን ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።»

ጉድ ፈላ። ሊና «ያን ሳምንት ከከተማ እንወጣለን» ብላ ጻፈች፤ ግን ሳትልከው በሩ ተከፈተ። እናቷ ዘመናይ ከሥራ ገባች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«እማ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው። ከብራዚል፣ ጓደኛዬ ኢዛዶራ ከወላጆቿና ከአያቷ ጋር፣ አራት ሰው። ያለ ቪዛ።» ሊና ለእናቷ የምትመልሰው ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው፤ ዛሬ ድንጋጤው አማርኛዋን አወጣው።

ዘመናይ ጫማዋን ፈትታ ሳትጨርስ ቀና አለች። «እንዲያው ብድግ ብለው?»

«እንዲያው ብድግ ብለው።»

እናቷ እህቷን ሔዋንን እንዳሰበች ለሊና ገባት፤ አንጀቷን በላት። ዘመናይ ግን ወዲያው ፊቷ ፈካ። «እሰይ። አንዱ እንኳ እንደ ልቡ ይምጣ እንጂ። ለሔዋን የገዛሁትን ፍራሽ አነጥፍላቸዋለሁ።»

«ሆቴል ይዘዋል።»

«ቢይዙስ? ከብራዚል ድረስ መጥተው ቤት ሳይገቡ ሊሄዱ? ነውር ነው። ለመሆኑ አያትየዋ በርበሬ ይችላሉ?» እያለች ወንበር ልትዋስ ጎረቤቷ ባዩሽ ጋ መደወል ጀመረች።

«እማ፣ ጀልባ አለን ብያታለሁ። ሐይቅ ዳር ነን ብያለሁ።»

ዘመናይ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። «ዋና እንኳ የማልችለውን ሴትዮ ባለ ጀልባ አደረግሽኝ?» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዓይኗን ስትጠርግ ግን ድምጿ ተለወጠ። «ምሳውን እኔ እሠራለሁ። ውሸቱ የራስሽ ነው፤ ራስሽ ተወጪው።»

ወጥ ቤት ገብታ ለባዩሽ «አዎ፣ ከብራዚል፤ የሊናዬ ጓደኛ» ስትል ይሰማል። ሔዋን ለሁለተኛ ጊዜ ከተከለከለች ወዲህ ሊና እናቷን እንዲህ ደስ ብሏት ስታወራ ሰምታ አታውቅም። ስልኳ ላይ ሳይላክ የቀረውን አረፍተ ነገር አጠፋችው።

«ኢዛ፣ ጀልባ የለንም። ቪላውም የሰው ነው። በቤታችን አፍሬ ነው እንጂ ልጎዳሽ ብዬ አልነበረም። የምንኖረው ሁስቢ ነው፣ በሰማያዊው የቱነልባና ባቡር መስመር። እናቴ ምሳ ጋብዛችኋለች።»

ላከችው። ኢዛዶራ ወዲያው አነበበች፤ መልሱ ግን ቆየ።

«በጣም ተናድጃለሁ» አለ የመጀመሪያው መልስ።

ቆይቶ ሌላ መጣ። «ለምሳው እንመጣለን። ለአያቴ ግን እኔ አልነግራትም። ራስሽ ዓይኗን እያየሽ ትነግሪያታለሽ።»



«እሺ» ብላ ሊና ጻፈች። «‹ጀልባ የለንም› በፖርቱጋልኛ እንዴት ይባላል?»