የሠላሳ ቀን ወረፋ

ያገናኘን ጠብ ነው። ስምንት ሆነን የምንጋራው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበር፤ ሁላችንም ባለ ሦስት አውታረ መጠን (3D) ቅርጾችን የሚሠሩ ፕሮግራሞች የምንገነባው እሱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው በኋላ ፍቅሬ የሆነው ሰው ነበር። አንድ ቀን ወደ ኮምፒውተሩ የላክኩትን ሥራ ወረፋው መጨረሻ ላይ አገኘሁትና ቢሮው ድረስ ሄጄ ጮህኩበት።

ስክሪኑን አዙሮ አሳየኝ። ለካ ጥፋቱ የራሴ ኖሯል፤ የማከማቻ ቦታዬ ሞልቶ ነው። ከራሱ ቦታ ግማሹን ሰጠኝ።

ወረፋው ላይ እያንዳንዱ ሥራ ስም ይሰጠዋል። እኛ ስሙን ደብዳቤ አደረግነው። «ምሳ በልተሻል?» የሚባል ሥራ ይልካል፤ እኔ «ሆዳም» የሚባል እመልሳለሁ፤ ባልደረቦቻችን እያዩ ይስቁብናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ልቤን ወሰደው።

የእኔ ፕሮግራም የጎደለ ፊት ይሞላል። በሽታ የአባቴን መንጋጋ ግማሹን ወስዶበት ነበር፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ፊቱን በስካነር አነሳሁት። ፕሮግራሙን ሳልጨርስለት ሞተ። እናቴ «የድሮ ፊቱን አንድ ጊዜ አሳዪኝ» አለችኝ፤ ቃል ገባሁላት። ፋይሉን ያስቀመጥኩት ፍቅሬ በሰጠኝ ቦታ ብቻ ነው።

ከዚያ ሩቅ አገር ሥራ አገኘ። አብረን እንሂድ አለኝ። እናቴን ለማን ጥዬ?

«ሂድ» አልኩት። «እንዳትደውልልኝ።»

ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። እልህ ያዘኝ። የዚያኑ ቀን ፋይሌን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ቆለፍኩት። የሚልከው ሥራ እንዳይታየኝም የእሱን ስም ከወረፋዬ ደበቅኩት።

ከወር በላይ በሌሎች ፊቶች እየሞከርኩ ፕሮግራሙን ጨረስኩ። የአባቴ ተራ ሲደርስ ፋይሉ የለም።

በእሱ ቦታ የተተካችው ሴት ሕጉን አስታወሰችኝ፤ የለቀቀ ሰው እስከ ሠላሳ ቀን ከሩቅም ሥራ መላክ ይችላል፣ በሠላሳኛው ቀን ቦታው ይጠፋል፣ ቅጂም አይቀመጥለትም። ሕጉን አውቀዋለሁ። ቦታው የእሱ መሆኑን ግን ከረሳሁት ቆይቷል፤ የእኛ ይመስለኝ ነበር።

«በየቀኑ ይጽፍልሽ ነበር እኮ» አለችኝ። «ሁላችን አይተናል። አንቺ አላየሽውም እንዴ?»

ስሙን ከደበቅኩበት አወጣሁት። ሠላሳ ሥራዎች ተደርድረዋል።

«አንቺ ግትር፣ የአባትሽን ፊት ከቦታዬ አውጪ።» «ቆልፈሽዋል፤ ልገለብጥልሽ አልቻልኩም።» «አትደውል ስላልሽኝ ነው በዚህ የምጽፈው።» «አንድ ቃል በይኝ፤ እመለሳለሁ።»

የመጨረሻው «ዝምታሽን እንደ መልስ ወሰድኩት፤ ደህና ሁኚ» ይላል።

ደወልኩለት። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት።

«ሠላሳ ቀን ጠበቅኩሽ» አለኝ። «በየቀኑ እየሞትኩ ነው የጠበቅኩሽ። አሁን ግን የመመለስ አቅሙ የለኝም።»

ድምፁ ላይ ቂም አልነበረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ መነጽሯን ወልውላ ተቀምጣለች።

«የአባትሽ ፊት ደረሰ፣ ልጄ?»

«ወረፋ ላይ ነው፣ እማዬ።»

«እሺ፣ እንጠብቃለን» አለችና መነጽሯን መልሳ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው።