አልወርድ ያለው ጋቢና

ይርዳው መኪናውን የጋራዥ ሰው አያስነካም። ዘይቷን የሚቀይረው፣ ፍሬኗን የሚያጠብቀው እሱ ራሱ ነው፤ ሚስቱ ሀብታምነሽም «ያገባኸው እኔን ነው እሷን?» እያለች ትስቅበታለች። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓትም ግቢው ውስጥ ካርቶን አንጥፎ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ የአሮጌዋን ፒክአፕ ጋቢና ከሻንሲው ጋር ያሰሩትን ብሎኖች ይፈታ ነበር። ቶርኖ ቤት ያስቀረጻቸውን ወፋፍራም የናይለን ቁራጮች በመሃል አስገብቶ ጋቢናውን ከፍ ሊያደርግ ነው። ባለፈው ክረምት ወንዙን ሲሻገሩ ውሃ እስከ መቀመጫው ገብቶባቸዋል፤ ጤና ጣቢያው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፣ ሀብታምነሽ ደግሞ ወሯ ገብቷል።

የግራውን ጎን ጠዋት ያለችግር ጨርሶታል። አሁን ቀኙን በክሪክ ሲያነሳ የዘመናት ዝገት እየተንጣጣ ፊቱ ላይ ረገፈ፣ ቆርቆሮው አቃሰተ፣ ጋቢናውም ከሻንሲው ተላቀቀ። ከተከፈተው ጨለማ የወጣው ሽታ ግን የዘይትም የጭቃም አልነበረም፤ ለብ ያለ፣ ላም በወለደች ዕለት በረት ውስጥ የሚሸተው ዓይነት ነበር። አይጥ ወልዳበት ይሆናል ብሎ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ።

ናይለኖቹን በየቦታቸው እንዳስቀመጠ ለወሊዱ የመጡት አማቱ እማማ ጥሩወርቅ ከበር ተጣሩ።

«ይርዳው! ምጡ መጥቷል ልጄ፣ ቶሎ በል!»

«ይኸው ጨረስኩ እማማ! አስቀምጬው እንሄዳለን!»

ከወንዙ ራስ በኩል ነጎድጓድ ተንከባለለ። ክሪኩን ቀስ እያለ ለቀቀው። ክሪኩ ወረደ፤ ጋቢናው ግን አልወረደም። ክሪኩ ጭራሽ ላልቶ ካርቶኑ ላይ ጋደም ሲል እንኳ ያ ሁሉ ብረት ከናይለኑ በላይ በቀጭን ስንጥቅ ተንሳፎ ቀረ፣ በስንጥቁም የቀን ብርሃን አሳለፈ። ይርዳው ፈራ። በእጁ ወደ ታች ሳበው፤ ንቅንቅ አላለም። ከላዩ፣ ከወለሉ ብረት ጀርባ፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ትንሽ ምት ይሰማ ነበር።

ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አየ። ብሎኑ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ከውስጥ በኩል የወጡ ትንንሽ፣ ነጣ ያሉ ነገሮች ጎን ለጎን ተደርድረው የወለሉን ጠርዝ ደግፈውታል። የተሸረከተ የላስቲክ ጎሚኒ ነው አለ ለራሱ። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጋቸው እጥፍ አሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ጎሚኒ እንደዚያ እንደማይታጠፍ ያውቃል። ወንዙ ከሞላ ግን ሀብታምነሽ እዚሁ ቤት ውስጥ ትሞትበታለች። ብሎኑን ከተተና መፍቻውን አዞረ።

«ኧረ በማርያም ተው!» ስትል ሀብታምነሽ ከቤት ጮኸች።

አቆመ። እሷም ዝም አለች። እንደገና አዞረ፣ ድምጿ ግድግዳውን ዘልቆ መጣ፤ ሲያቆም አብሮት ቆመ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ መፍቻው መዳፉ ውስጥ እየተንሸራተተ፣ ጩኸቷንና የመፍቻውን ዙር በሐሳቡ ላለማያያዝ በሙሉ አቅሙ ታገለ። ምጥ ነው፣ ምጥ ይሄዳል ይመጣል አለ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ኮፈኑን ሲመቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እስከ መጨረሻው አጠበቀው። አንድ ለስላሳ ነገር ከብረቱ ሥር እጅ ሰጠ፤ ጋቢናው ናይለኑ ላይ ቁጭ አለ።

የሀብታምነሽ ጩኸት ድንገት ተቋረጠ፤ የወለደች መሰለው። ከመኪናው ሥር ወጥቶ እልልታ ጠበቀ፤ እልል ያለ የለም። ብዙ ቆይተው እማማ ጥሩወርቅ ጨርቅ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ዝናቡ ውስጥ ወጡ።

«ወንድ ነው» አሉ። «ሁለቱም ነፍሳቸው አለች። አትደንግጥ ብቻ... የእጆቹ ጣቶች ተጨፍልቀው ነው የተወለደው።»

ጨርቁን ገለጥ አደረጉለትና እንደ ምሥጢር ዝቅ ባለ ድምፅ «ደጋግሜ አጠብኩት ልጄ፣ በጥፍሮቹ ሥር ያለው የመኪና ግራሶ ግን አልለቅ አለኝ» አሉት።