ባዶው ምስማር

«ሠላሳ አንድስ?» አሉ የደኑ ጠባቂ፣ ጣታቸውን ከሰሌዳው ሳያነሱ።

«ይኸው ተሰቅሏል፣ ጋሼ» አለች ከትምህርት ቤቷ የተፈጥሮ ክበብ ጋር ደኑን ልትጎበኝ የመጣችው ድምቡሼ።

የደኑ ደንብ ቀላል ነው። የሚገባ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ክብ ቆርቆሮ ከሰሌዳው ያነሳል፤ ሲወጣ ምስማሩ ላይ መልሶ ይሰቅላል። ጠባቂው የሚቆጥሩት ቆርቆሮውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሠላሳ አንድን የሰቀለችው ደግሞ ራሷ ድምቡሼ ናት። የቆርቆሮው ባለቤት ሽቦ፣ ያ ከሲታ የክፍል ጓደኛዋ፣ አሁንም ውስጥ ነው።

ቀደም ሲል ደኑ ውስጥ ካለው ምንጭ አጠገብ ጭቃው ላይ የነብር ዱካ አይቶ ልቡ ተሰቀለ። «ነብሩን በካሜራዬ ሳልቀርጸውማ አልሄድም» ብሎ ቆርቆሮውን አስጨበጣት። «በታችኛው አጥር ሾልኬ አስፋልቱ ላይ እጠብቃችኋለሁ። መምህርቷን በሁለተኛው መኪና ነው በያት። አደራ፣ እንዳታስበዪኝ።»

አለቻት። መምህርቷም «እሺ፣ የኔ እናት» ብላ አመነች። ድምቡሼ ዋሽታ አታውቅማ! ጎበዝ ተማሪ መሆን አንዳንዴ ጣጣ አለው።

ሰሌዳው ላይ የቀረ ባዶ ምስማር አንድ ብቻ ነው፤ ዐሥራ ሰባት። ጠዋት ሲገቡ አንዱ ልጅ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቆ ነበር።

«የሥራ ባልደረባዬ ነበር» አሉ ጠባቂው ያኔ። «የቆሰለች ጉሬዛ ልፈልግ ብሎ ገባ። ቆርቆሮውን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ መሄድ ልማዱ ነበር፤ ዛሬም ረስቶት ነው ብዬ ቆለፍኩ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ አልተገኘም።»

አሁን ጠባቂው ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡና፣ ከመቆለፋቸው በፊት ፊታቸውን ወደ ደኑ አዞሩ።

«ዐሥራ ሰባት» ብለው ተጣሩ፣ ረዘም አድርገው።

ከኋላ አንዱ ኪኪኪ አለ። «ጋሼ ከዛፍ ጋር ነው እንዴ የሚያወሩት?» ማንም አልሳቀለትም። ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ሲያናውጡ የዋሉት ጉሬዛዎች እንኳ ጸጥ ብለዋል። ጠባቂው በር አንኳኩቶ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ።

«ሁልጊዜ ይጠሩታል?» አለቻቸው ቀስ ብላ።

«በየቀኑ። አንዳንድ ቀን አቤት የሚለኝ ይመስለኛል።» ቁልፉን በሩ ላይ ሰኩ። «በይ ሂጂ ልጄ፣ መኪናው ሊነሳ ነው።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሽቦ አስፋልቱ ላይ ቆሞ እየሳቀባት ይሆናል። ካስበላችው ከተፈጥሮ ክበቡ ይባረራል፤ እሷንም ዕድሜ ልኩን አያናግራትም። ክፍል ውስጥ ሌላ ጓደኛ የላትም። ምናለ ዝም ብትል?

ግን ካልወጣስ? ዐሥራ ሰባትን በየቀኑ የሚጠራው አለ፤ ምስማሩ ባዶ ነው። የሠላሳ አንድ ምስማር ግን ሞልቷል። ሽቦን ማንም አይጠራውም።

ቁልፉ አንዴ ዞረ።

ድምቡሼ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። ሠላሳ አንድን ከምስማሩ አውርዳ በጠባቂው መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለች። «የቆርቆሮው ባለቤት ምንጩ ጋ ነው ያለው።»

ጠባቂው ቆርቆሮውን ትክ ብለው አዩት። ቁልፉን መልሰው አዞሩና በሩን ከፈቱት፤ ድምቡሼም የራሷን ቆርቆሮ አንስታ ተከተለቻቸው።