ዓይኔ

«ሐምራዊ ነው ሮዝ?» አለች እናቷ ድምፅዋን ቀንሳ፣ በሩን በጎን እያየች።

ልጅቷ ቦርሳዋን እንኳ ከጀርባዋ ሳታወርድ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ እናቷ ወደምትሠራበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ መምጣት ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። ሰው ሲጠይቃት «የቤት ሥራ ልሠራ ነው» ትላለች። እውነቱ ሌላ ነው። የእናቷ ዓይን ደክሟል፤ ቅርጽ ትለያለች፣ ሐምራዊና ሮዝ ግን ይምታቱባታል። ይህ ከታወቀ ሥራው ቀረ፤ ሥራው ከቀረ ደግሞ የሁለቱም ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። አባት ከሞተ ቆይቷል።

«እየጠየቅኩሽ እኮ ነው፣ ዓይኔ።»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትጠራት እንዲህ ብላ ነው። ድሮ ቁልምጫ ነበር፤ አሁን የሥራ መደብ ሆኗል።

«ቆይ እማ፣ እያየሁ ነው።»

ነገሩን ያስተማረቻት ራሷ እናቷ ነች። ባክቴሪያ ያን ያህል ኢምንት ሆኖም ግድግዳ አለው። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ሐምራዊውን ቀለም አንዴ ከያዘ በአልኮል ቢያጥቡትም አይለቅም። ስስ ከሆነ ግን ሐምራዊው ታጥቦ ይሄድና በኋላ የሚጨመረውን ሮዝ ይለብሳል። የወፍራሙ መድኃኒት ሌላ፣ የስሱ ሌላ።

ይህን ስላይድ፣ ናሙናው የተቀባበትን መስታወት፣ ደግመው የሚያዩት የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ስለጠየቀች ነው። የትናንቱ የውጤት ወረቀት «ሐምራዊ» ይላል፤ የሁለት ዓመቱ ሕፃን ግን መድኃኒቱን እየወሰደ ትኩሳቱ ጭራሽ ብሶበታል። ሐምራዊ ያለችው ደግሞ ልጅቷ ነበረች። ትናንት ጓደኛዋ መስኮቱ ሥር ቆማ «ኧረ ነይ፣ አታካብጂ» ስትላት፣ አንዴ ገረፍ አድርጋ አይታ ሮጣለች።

አሁን ሌንሱን አስተካክላ አየች። ሮዝ። ከዳር እስከ ዳር ሮዝ። 

«ሮዝ ነው እማ። ትናንትም ሮዝ ነበር። እኔ ነኝ በደንብ ያላየሁት።»

 እናቷ ስልኩን አንስታ ለነርሷ ውጤቱን አረመችላት። «ቀለሙ በደንብ አልያዘም ነበር» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ልጅቷን ያስፈራት እሱ ነው።

«ለላቦራቶሪው ኃላፊ እንንገረው፣ እማ።»

«ምን ብዬ? ዓይኔ አያይም ብዬ? መድኃኒቱን ይቀይሩለታል፣ አለቀ። ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ። ከእንግዲህ ረጋ ብለሽ ማየት ነው።»

«የሚቀጥለውን ስሳሳት ደግመሽ እዪ የሚልሽ ሰው ባይኖርስ?»

እናቷ መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገችው። ንጹሕ ነበር።

«አንቺ ካወራሽ እኔ ሌላ የምገባበት የለኝም። እሱን እወቂ» አለች። «በይ ነይ፣ ይኼኛውን እዪልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ስላይድ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ከላይ ፎቅ አልጋ ላይ የተኛ ሰው አለው። ልጅቷ እናቷን አየቻት፤ አሳዘነቻት፣ አናደደቻትም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች። የኃላፊው ቢሮ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው።

«ዓይኔ» አለች እናቷ ከኋላዋ። ትንሽ ቆይታ ደግማ፣ «ዓይኔ።»

ልጅቷ አልዞረችም። እንባዋ ሞልቶ የበሩ ቀለም እንኳ አልታይ አላት። አንኳኳች።