ለሽማግሌ የተነጠፈው ድሪቶ

ባድሩን ያወቅሁት በብጣሽ ጨርቅ ነው። ሰው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ፍቅር ያዘኝ ሲል እኔም እስቅ ነበር። አሁን በእኔ የሚስቅ ይሳቅ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነበር።

ሐይቅ ከተማ፣ የገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ጨውና ሽንኩርት ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ከበረንዳው ላይ የጠረገውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ከምሮ ክብሪት ሊጭርበት ጎንበስ ብሏል። ከክምሩ ውስጥ አንዲት ቀይ የከፋይ ብጣሽ ታበራለች። እግሬ አላልፍ አለኝ።

«ወንድሜ፣ ይኸን ልታቃጥለው ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ መርፌ በከንፈሩ የያዘ ሰው ነው። መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰካና «ምን ያደርግልሻል? ለአሻንጉሊት ቀሚስ እንኳ አይበቃ» አለኝ።

«ለአሻንጉሊት ማን ለመነህ? ለእኔ ነው» ብዬ ቁጢጥ አልኩና ዘንቢሌን ከፈትኩ።

ሳቀ። ከዚያ እንደኔው ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ ለቀመልኝ። ቀዩን ከፋይ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሰጠኝ፤ ሲሰጠኝም ጨርቁን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ድሪቶ በእኛ አገር ክፉ ስም ነው። የደኸየ ሰው ልብስ፣ የለማኝ ብርድ ልብስ ይሉታል። እኔ ግን ብርድ ልብስ አጥቼ አይደለም የምሠራው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ወደ አምባሰል ተድሬ፣ ልጅ ሳንወልድ ብዙ ቆየንና ትዳራችን ውጫሌ ላይ ፈረሰ። ወደ ወንድሜ ወደ ሙሐዲን ግቢ ስመለስ አንዲት ክፍል ሰጠኝ። ቀኑ አልመሽ ሲለኝ የእናቴን አሮጌ ቀሚሶች ቆራርጬ ሰፋሁ። ከዚያ ወዲህ እጄ አላረፈም።

ብጣሾቹን መሬት ላይ እዘረጋቸዋለሁ። ይኸ ከዚያ ጋር ይጣላል፣ ይኸ ከዚህ ጋር ይስማማል እያልኩ አቀያይራቸዋለሁ። ደስ ሲለኝ እርስ በርስ እሰፋቸዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ አድርጌ ከሥር አቡጀዲ እገብረዋለሁ። የወንድሜ ሚስት ታልፍና «መሪማ፣ ሰው ያየሽ እንደሆነ አጥተው ነው ይለናል» ትለኛለች። እኔም ሰው አይቶ የሚያዝን ከሆነ ዓይኑን ይጨፍን እላታለሁ።

እንግዲህ ሽንኩርት ሳያልቅብኝ ሽንኩርት ልገዛ መውጣት ጀመርኩ። ባድሩም ብጣሹን ማቃጠል ትቶ በየቀለሙ እየለየ በፌስታል ያቆይልኝ ጀመር። ቀዩ ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ። ከስፌት መኪናው አጠገብ አንዲት ዱካ አኖረ፤ ለማን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም ሳልጠይቅ ተቀመጥኩባት።

ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት እንደሆናት፣ አንድ ልጁ ደሴ እንዳገባች፣ እሱን ያሳደገው ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ የሚኖር አጎቱ ሀምዳን እንደሆነ፣ ይኸን ሁሉ በመኪናው ድምፅ መሃል ቆራርጦ ነው የነገረኝ።

አንድ ቀን ከፌስታሉ ውስጥ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ሰማያዊ ሳቲን አገኘሁ። ብጣሽ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም። የሰው ጨርቅ ሰርቀህ ከሆነ እኔ ሌባ አልወድም ብዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። ፊቱ ቀላ። ከሱቅ ራሱ የገዛው መሆኑን፣ ለእኔ ብሎ መቁረጡን አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ።

«ብጣሽ ስጠኝ እንጂ ጨርቅ አትስጠኝ» አልኩት። ሳቲኑን ግን ይዤው ሄድኩ።

ስምንት ወር ሆነን። በስምንተኛው ወር የስፌት መኪናውን አቁሞ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። መኪናው ዝም ሲል የመንገዱ ጫጫታ ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ።

«መሪማ፣ ሽማግሌ ብልክ ታስመልሽብኛለሽ?»

«ልከህ እይ» አልኩት፤ ከዚያ ያለ ፌስታል ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ረስቼው ነው።

ሽማግሌ የሚመጣበት ቤት ያለውን የተሻለ ነገር ያነጥፋል፤ ወጉ ይኸ ነው። ሙሐዲን ከደሴ ያመጣው ስጋጃ ነበረው። እኔ ግን ወንድሜ ሽማግሌዎቹን ሊቀበል ደጅ ሲወጣ ስጋጃውን ጠቅልዬ አነሳሁና በስምንት ወር የሰፋሁትን ድሪቶ መደቡ ላይ አነጠፍኩት። በቤቱ ውስጥ ከእሱ የተሻለ ነገር አልነበረኛ።

ሦስት ሆነው ገቡ። የፊተኛው ሀምዳን ነው፤ ከፀሐይ ስለገባ ዓይኑ ገና ቤቱን አልለመደም። ተቀመጡ ተባሉ፤ ተቀመጡ። ለመናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ እጁ ከሥሩ ያለውን ስፌት ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ተነሳ፤ ሁለቱም ተከትለውት ተነሱ።

«ሙሐዲን፣ ልጅ አንሰጥም ማለት ነውር የለውም» አለ። «ድሪቶ ላይ አስቀምጦ ለማኞች ናችሁ ማለት ግን ነውር ነው። ወላሂ፣ እግሬ ወደዚህ ቤት አይመለስም።»

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልታሰረ ምላሴ ያን ቀን ታሰረ። የጫማቸው ድምፅ ከግቢው ሲወጣ እሰማለሁ።

ወንድሜ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ። ሲረጋጋ መላ አመጣ፤ ሰው ልኬ በስህተት ነው የተነጠፈው፣ ልጆች ናቸው ያነጠፉት ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። በስህተት አላነጠፍኩትም፤ ዋሽታችሁ አትዳሩኝ አልኩት። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ያናገረኝ ዶሮ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ባድሩ ራሱ መጣ። ጺሙን አልተላጨም። ከግቢው በር ላይ ቆመን ነው ያወራን። አጎቱ አባቱ እንደሆነ፣ ያለ እሱ ቃል ማግባት እንደማይሆንለት ነገረኝ። ይኸንስ አውቃለሁ።

«አንድ ቃል ናት፣ መሪማ። በስህተት ነው በይ። እኔ እውነቱን አውቀዋለሁ፤ አይበቃሽም?»

ይኸ ነው የቆረጠኝ። ሌላው ሰው ድሪቶ ቢለው ግድ አልነበረኝም። እሱ ግን እያንዳንዷን ብጣሽ ከመቀሱ ሥር ያውቃታል።

«አንተም አፈርክበት?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። በሩን ዘጋሁበት።

ሁለት ቀን አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ማልቀሱ ሥራ እንዳልሆነ ገባኝ። ድሪቶውን ጠቅልዬ በነጠላ ጀርባዬ ላይ አሰርኩትና ወጣሁ። ሙሐዲን ሴት ለራሷ ሽማግሌ ሆና ስትሄድ የት ታይቷል አለኝ። ዛሬ ይታያል አልኩት።

ባጃጅ እስከሚወስደኝ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። አርዲቦ ከሥር ተኝቷል፤ ነፋስ የለም። ሀምዳን ከቤቱ ደጅ ግንድ ላይ ተቀምጦ ማረሻ ይስላል። ሰላም አልኩ። መለሰ፤ ማን እንደሆንኩ ሲያውቅ ግን ፊቱን ወደ ማረሻው አዞረ። እኔም ሳልለምነው ድሪቶውን ፈትቼ አጥሩ ላይ ዘረጋሁትና ከጎኑ ቆምኩ። ፀሐዩ ሲያርፍበት የቀለሙ ብዛት እኔኑ ራሴን ደነቀኝ።

መጀመሪያ የወጣችው ሚስቱ ሀኒያ ናት። እንግዳ ናት ብላ ግቢ ልትለኝ ነበር፤ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ጣቷን አረንጓዴ መደብ፣ ቢጫ አበባ ያላት ብጣሽ ላይ አኖረች።

«ይቺ የኔ ናት። ባድሩ የዒድ ቀሚስ የሰፋልኝ።»

ጎረቤቶቿን ጠራች። አንዷ የጡት ማጥቢያ ቀሚሷን አገኘች፤ ሌላዋ የልጇን የሠርግ፣ የኒካ ልብስ። አንዲት ረጅም ሴት ሰማያዊ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ መዳፏን አሳርፋ ብዙ ቆየች። ልጇ አረብ አገር ከሄደች አራት ዓመቷ ነው፤ ልብሷን ሁሉ ለታናናሾቿ ሰጥታ ነበር የሄደችው፤ ባድሩ ዘንድሮ ዩኒፎርሙን ለታናሽዋ አሳጥሮት ነበር አሉኝ።

ሀምዳን ማረሻውን አስቀመጠ። መጣ። እንደ ከብት ገዢ ከዳር እስከ ዳር አየው። ከአንድ ግራጫ ሱፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የለበሰውን ኮት ጫፍ ይዞ ከብጣሹ አጠገብ አደረገው። አንድ ናቸው።

«እኔ ያን ቀን በራሴ ኮት ላይ ነው የተቀመጥኩት?» አለ።

«አዎ፣ አብዬ። ሲነሱም ከራስዎ ኮት ላይ ነው የተነሱት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሀኒያ ናት፤ አፏን በሻሿ ሸፍና። እሱ አልሳቀም። ለምን ስጋጃ እንዳላነጠፍኩ ጠየቀኝ። ስጋጃው የወንድሜ እንደሆነ፣ እሱንም ፋብሪካ እንደሠራው፣ እኔ ግን ለባድሩ ሰዎች የእጄን ማንጠፍ እንደፈለግሁ ነገርኩት። መጥፎ ካደረግሁ በሠራሁት ይቆጡኝ እንጂ ባልሠራሁት ይቅር አይበሉኝ አልኩት።

ኮቱን ለቀቀ።

«በአላህ ስም ምያለሁ» አለ ለሚስቱ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ። «ይኸን መሐላ ለማፍረስ አሥር ሚስኪን ማብላት አለብኝ። ለአንዲት እልኸኛ ሴት አሥር ሚስኪን።»

«እኔ አብሬ እሠራለሁ» አልኩ።

ሀምዳን በዚያው ሳምንት አበላ። እኔና ሀኒያ ከማለዳው ጀምረን ጎመንና ሽሮ ሠራን። ተመጋቢዎቹ የተቀመጡት የት እንደሆነ ልንገራችሁ? ሀምዳን ራሱ ድሪቶውን አምጥቶ ከዛፉ ሥር አነጠፈላቸው። ሲጨርሱ ዱዓ አደረጉ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዤ እወርዳለሁ ብሎ ለወንድሜ መልእክት ሰደደ።

ባድሩ ወሬውን ሰምቶ የደረሰው ዕቃ ስናጥብ ነው። ደጁ ላይ ቆሞ አጎቱን አየ፤ ድሪቶውን አየ፤ እኔን ለማየት ግን ድፍረት አጣ። ሀኒያ ልጅቱን መንገድ አስገባት ብላ ገፋችው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ልጅቱ አለችኝ።

ሐይቁን ወደ ታች እያየን ብዙ ሄድን። እሱ ድሪቶውን ተሸክሟል፤ እኔ እጄን የማደርግበት አጥቻለሁ። እንዲህ መሄዱ ሲያቅተው ቆመ።

«አላፈርኩበትም» አለ። «አንቺን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ፍርሃቴ ነው ያንን ያናገረኝ።»

አየሁት። ኮሌታው ላይ መርፌ አለ፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። ከሥራው ላይ ተነስቶ ሮጦ ነው የመጣው። ክሩን ጠቅልዬ መርፌው ላይ ጠመጠምኩለት፤ እጄ አንገቱን ነካው።

«አሁንም ተቀይመሽኛል?»

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«ኒካ እስኪታሰር።»

እርምጃውን አፈጠነ።