ከተቆለፈው ሳሎን የሚሰማ ሳቅ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤት ስለ ጋኔንና ስለ ዛር ሲያወራ ሆዴን ይዤ የምስቅ ነኝ፣ ስለዚህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የሆነውን ነው የማወራችሁ።

ያደግኩት ልደታ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ በነበረ የድንጋይ ቤት። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ፣ በረንዳው ላይ ቡገንቪሊያ ወርዶበት፣ የሰፈሩ ሙሽሮች አባቴን አስፈቅደው ደረጃችን ላይ ፎቶ ይነሱ ነበር። ውስጡ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። አባቴ ብቸኛ ልጁ ብሆንም ዝም ነው የሚለኝ፣ አይመታኝም፣ አይቆጣኝም፣ ምሳውን ብቻውን በልቶ ይነሳል፣ እኔም ኮቴዬ እንዳይሰማ በካልሲ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን እንኳን ሲስቅልኝ ባየሁ ብዬ ለልደታ ተስዬ አውቃለሁ፣ ሌላ ልጅ አሻንጉሊት ሲመኝ የእኔ ምኞት ይኸው ነበር።

ሳሎኑ እንደ ብዙ ሰው ቤት ለእንግዳ ብቻ ነው። ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ብፌው ውስጥ ማንም ያልጠጣበት ብርጭቆ ተደርድሮ፣ በሩ ይቆለፍና ቁልፉ እናቴ መቀነት ላይ ይታሰራል። እንግዳም እኮ አይመጣም፣ በዚያ ዘመን ማን ማን ቤት ይሄዳል?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ የቀበሌ ስብሰባ ሄደ፣ የቀረ ሰው ስሙ ስለሚያዝ የማይሄድ የለም፣ እናቴ ግን አሟት ስለነበር ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ኮሪደሩን እየወለወልኩ ሳለ ከሳሎኑ ውስጥ ብርጭቆ ሲጋጭ ሰማሁ፣ አይጥ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ሶፋው ሲጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ከዚያ ወንድ ሳቀ፣ ረጅም፣ ከልቡ የሆነ ሳቅ፣ ሰምቼው ባላውቅም አባቴ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። አንዲት ልጅ የሆነ ነገር ታወራለታለች፣ እሱ ይስቃል፣ ደግሞ ታወራለታለች። እመኑኝ፣ የልጅቷ ድምፅ የእኔ ነበር።

መፍራት ሲገባኝ ቀናሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁባት። በሩን አንኳኳሁ። ሳቁ ቆመ።

«ማነው ልጄ?» አለ አባቴ። እኔን አንድ ቀን ልጄ ብሎኝ አያውቅም።

«ማንም አይደለም አባዬ» አለች ልጅቷ።

እየሮጥኩ ሄጄ እናቴን ከጓሮ አመጣኋት። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ከፈተች፣ ማንም የለም፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ብርጭቆው በየቦታው አለ። ሶፋውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች። እኔም ነካሁት፣ ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል ይሞቃል። ለአባቴ እንዳልነግረው አስጠንቅቃኝ በሩን መልሳ ቆለፈችው። እሱም ሲመሽ ከስብሰባው ተመልሶ እንደ ወትሮው ሳይናገር ራቱን በላ።

ጆሮዬ ነው ያታለለኝ ብዬ ልረሳው ስል፣ አንድ ቀን አባቴ ሥራ ላይ እያለ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ኮሪደሩ ውስጥ አገኘኋት። ቁልፉን ጨብጣ፣ ጆሮዋን ከሳሎኑ በር አስጠግታ ቆማለች፣ አትከፍተውም። ፊቷ ላይ የነበረውን ፈገግታ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። እማዬ፣ መጣሁ ብላት አልዞረችም፣ እጇን ብይዛት ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ።

«ዝም በይ እስቲ» አለችኝ፣ «እያወራችለት ነው።»